የጎሚስታው ፍርድ

ማክሰኞ ማታ ያየሁት፣ ያ የመኪናው ፊልም፣
አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሮጦ፣ አንድ ጎማ አልፈነዳም።
በድንጋይ ላይ፣ በደረጃ ላይ፣ በሰው ጣራ ላይ ነዳ፣
ከድልድይም ወረወረው፤ ቸርኬው እንኳ አልተጎዳ።
ጣርማ በር ያምጡትና፣ በሐምሌ፣ በጉም ውስጥ፣
ወደ ደብረ ሲና ይውረድ፣ ፍሬኑ ሲሸት ሲቀልጥ፣
ያኔ ይነግረኛል ጀግናው፣ ጉልበት እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ።

ምንውየለት፣ ረዳቴ፣ ሳቀና ተንከባለለ፤
«ጋሼ፣ ፊልም ነው እኮ!» አለ።
ፊልምም ቢሆን፣ እላለሁ፣ ጎማ ያው ጎማ ነው፤
ውሸት እንኳ የሚጥመኝ፣ እውነት ቅንጣት ሲነካው።

የአማርኛው ኮሜዲ ደግሞ፣ ገጠሬ ሲያመጣ ያስቀኛል፤
«መንዜ ነኝ» ይላል ሰውዬው፣ በርኖሱን ገልብጦ ለብሷል።
መንዜ መች እንዲያ ይጮሃል? ስድቡ ምርቃት ነው የሚመስል፤
ቤትህ ገብተህ፣ ጫማ ስታወልቅ፣ ያኔ ነው የሚያቆስል።

ስለ ቱርኩ ተከታታይማ፣ ቤት አላቸው፣ ልብስ አላቸው፣
ሲያለቅሱ ይውላሉ እንጂ፣ ሥራ የሚባል የላቸው።
ከንፈሯ «እሺ» ብሎ ሲዘጋ፣ አማርኛው ገና ይቀጥላል፤
አንድ በር ለመክፈት ብቻ፣ ሦስት ክፍል ይፈጃል።
ታዲያ ለምን ታያለህ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤
አንድም ክፍል አላለፈኝ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጎረቤቴ፣ ያ ደጉ ዶክተር የሞተ ለት፣
ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች፣ ሻማም አበራችለት።
ከወር በኋላ በሌላ ጣቢያ፣ በሌላ ስም፣ ሪዙን ላጭቶ፣
ምግብ ቤት ከፍቶ ብታየው፣ ሚስት አግብቶ፣
«አንተ ሌባ!» አለችው፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ቀስራ፣
«ሳትሞት ነው ያስለቀስከኝ? በል መልስ የሻማዬን ኪሳራ!»
ሦስት ቀን አኮረፈችው፤ በአራተኛው ሳቅ አመለጣት፤
ለሱ ገበያ ሲቀናው፣ ለሷም የቀናት መሰላት።

የመጨረሻው ክፍል ለት፣ ጉሙ ከሸለቆው ወጣ፣
ዲሹን ዋጠው፤ መብራት ደግሞ፣ ለመሄድ ሰበብ አላጣ።
አሥራ አንድ ሰው ተቀምጠናል፣ በጎማ ሽታ፣ በጨለማ፤
ልጅቷ እጇ ከበሩ ላይ ነው፤ ማን እንዳንኳኳ ሳንሰማ።
ሸዋዬ ቆሎዋን እያዞረች፣ «እናቷ ናት፣ አልሞተችም»፤
መምህር አበባው፣ «ነፋስ ነው። ሲያንኳኳ ማንም የለም።»
ምንውየለት «ፖሊስ» አለ። ጥሩወርቅ ግን፣ «እሱ ነው፤
ዶክተሩ! ሞቶ መነሣት እንደሁ ልማዱ ነው።»

በማግስቱ ከደሴ የመጣ መንገደኛ፣ ጎማው እስኪለጠፍ፣
በሩን ከፈተችው አለን፤ ወለሉ ላይ ፖስታ፤ ከዚያ «ይቀጥላል» የሚል ጽሑፍ።
ከኛ አራት መጨረሻ የባሰ! አሥር ብር ጨምሬ አስከፈልሁት፣
ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ እያወቅሁት።

አንድ ግን አለ፣ ስሙን የረሳሁት፣ እሑድ ሌሊት የታየ፤
አባትና ልጅ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሾርባ፤ ካሜራው ቆሞ ቆየ።
ማንም ምንም አይልም፤ ማንኪያ ብቻ ነው የሚሰማው።
ምንውየለት፣ «ይሄማ ተበላሽቷል» ብሎ ሪሞቱን መታው፤
ሸዋዬ አዛግታ ወጣች፤ መምህሩም
«ጥልቅ ነው» እንዳለ እንቅልፍ ጣለው።

እኔ አልተነሣሁም።
ልጁ ኮቱን ሲያነሣ፣ አባትየው «ብርድ ነው» አለ እንጂ፣ «አትሂድ» አላለውም።
የኔም የሄደ ለት፣ እስከ ዋሻው አፍ ሸኝቼው ነበር፤
ስለ ጎማ ንፋስ ልክ አወራን፤ ሌላ ወሬ አልነበር።
አይሱዙው ገባ። የኋላ መብራቱ ቀላ፣ አነሰ።

ጠዋት ምንውየለት፣ ክሪኩን እያስገባ፣
«ያ የሾርባው ፊልም ምን ሆነ? ልጁ ተመልሶ ገባ?»
«አላውቅም፤ መብራት ሄደ» አልሁት። አልሄደም ነበር።
«ያን ብሎን ድገመው፤
ይህ መኪና ጣርማ በርን ነው የሚሻገር።»